ከዋይት ሐውስ በፊት፦ ኦባማ በኢሊኖይ ሴኔት

ስለ ባራክ ኦባማ ስናወራ ሁልጊዜ የምንነሳው ከ2008 ነው። እኔ ዛሬ እዚያ ድረስ አልሄድም። ላወራችሁ የመጣሁት ከጥር 1997 እስከ ኅዳር 2004 የኢሊኖይ ስቴት ሴናተር ስለነበረው ኦባማ ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ሰውዬውን አንቱ ባለማለቴ ደግሞ ቅር እንዳይላችሁ። ታሪኩ ሲጀምር ገና የ34 ዓመት ወጣት ነው።

መጀመሪያ የምርጫ ውጤቱን ላስቀምጥላችሁ። በ1996 ለስቴት ሴኔት ተወዳድሮ 48,592 ድምፅ አገኘ፤ 82 ከመቶ። በ1998 እዚያው ወንበር ላይ 45,486 ድምፅ፤ 89 ከመቶ። በ2000 ለኮንግረስ ተወዳድሮ 29,649 ድምፅ፤ 30 ከመቶ፤ ተሸነፈ። በ2002 እንደገና ለስቴት ሴኔት 48,717 ድምፅ፤ ተፎካካሪ አልነበረውም። በ2004 ለአሜሪካ ሴኔት 3,597,456 ድምፅ፤ 70 ከመቶ።

እንዲህ ተደርድሮ ሲታይ አንዴ ብቻ ተደናቅፎ የተነሳ የአሸናፊ ታሪክ ይመስላል። እኔ ግን ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ስለ ሰውዬው ብዙ የሚነግረን ያ 30 ከመቶ ነው ባይ ነኝ። 82ቱም ሆነ 89ኙ የተወሰኑት ሕዝቡ ድምፅ ከመስጠቱ በፊት ነው። የ2002ቱም እንደዚሁ። በፊርማ፣ በካርታ፣ በወንበር ብዛት። ዛሬ የማወራውም ስለዚህ ነው፤ ስለ ምርጫው ቀን ሳይሆን ከምርጫው ቀን በፊት ስለሚሠራው ሥራ።

ነገሩን ከመጀመሬ በፊት ስለ ስቴት ምክር ቤት ጥቂት ልበል። እኛ አሜሪካ የምንኖር ሐበሾች ለፕሬዚዳንት ምርጫ ሌሊቱን ሙሉ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጠን እናድራለን። የስቴት ሴናተራችሁ ማን ነው ሲባል ግን እርስ በርስ እንተያያለን። የሚገርመው፣ ኑሯችንን በቅርብ የሚነካው ይሄኛው ነው። መንጃ ፈቃድ፣ የሕጻናት ማቆያ ፈቃድ፣ የቤት ለቤት እንክብካቤ ክፍያ፣ የሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የጤና መድን) መስፈርት፣ የትምህርት ቤት በጀት፣ የፖሊስ አሠራር፤ ይሄ ሁሉ በአብዛኛው የሚወሰነው በስቴት ደረጃ ነው። በኢሊኖይ ሴኔቱ 59 ወንበር አለው፣ የታችኛው ምክር ቤት 118። መቀመጫቸው ቺካጎ አይደለም፤ ከቺካጎ በመኪና ከሦስት ሰዓት በላይ የሚርቀው ስፕሪንግፊልድ ነው፤ አብርሃም ሊንከን በጥብቅና የኖረበት ከተማ። ሊንከንም የፖለቲካ ሥራውን የጀመረው በኢሊኖይ ምክር ቤት ውስጥ ነው፤ በ1832 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወዳደር ግን ተሸንፏል።

ወደ ኦባማ ልመለስ። ቺካጎ የገባው በ1985 ነው። በደቡቡ የከተማው ክፍል የሰፈር አደራጅ ሆኖ ሠራ፤ ከዚያ ሃርቫርድ ሕግ ሊማር ሄደ። ተመልሶ በ1992 የመራጮች ምዝገባ ዘመቻ መራ። ጠበቃ ሆነ፤ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሕገ መንግሥት አስተማረ። በ1995 የአካባቢው የኮንግረስ አባል ሜል ሬይኖልድስ በወንጀል ተፈርዶበት ወንበሩን ለቀቀ። ይህን ክፍት ቦታ ለመያዝ የተነሱት የ13ኛው ዲስትሪክት የስቴት ሴናተር አሊስ ፓልመር ነበሩ። እሳቸው ወደ ኮንግረስ ከሄዱ የስቴት ሴኔት ወንበራቸው ክፍት ይሆናል። ኦባማ ለዚያ ወንበር እንደሚወዳደር በመስከረም 1995 ሃይድ ፓርክ በሚባለው ሰፈር ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ አስታወቀ። ፓልመርም አጠገቡ ቆመው ደግፈውታል።

ከዚያ ነገሩ ተበላሸ። ኅዳር መጨረሻ ላይ በተደረገው የፓርቲ ቅድመ ምርጫ (ፓርቲው እጩውን የሚለይበት ምርጫ) ያሸነፈው ጄሲ ጃክሰን ጁኒየር ሆነ። ፓልመር ሦስተኛ ወጡ። ሲሸነፉ የስቴት ሴኔት ወንበራቸውን መልሰው ፈለጉ። የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች ኦባማን ጠርተው "አንተ ገና ልጅ ነህ፤ ጊዜ አለህ፤ ለእሳቸው ልቀቅላቸው" ዓይነት ሽምግልና ገቡ። በእኛ ደንብ ቢሆን ታላቅ ሲጠይቅ ታናሽ ይለቃል። ኦባማ እምቢ አለ። ሥራ ጀምሬያለሁ፣ ሰው አሰልፌያለሁ፣ ገንዘብም አሰባስቤያለሁ አለ።

ዋናው ጉዳይ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እጩ ሆኖ ለመቅረብ 757 የተመዝጋቢ መራጮች ፊርማ ያስፈልግ ነበር። ትንሽ ይመስላል። ግን ፊርማው እንዲቆጠር ፈራሚው በዲስትሪክቱ ውስጥ መኖር አለበት፤ በመራጭነት በዚያው አድራሻ መመዝገብ አለበት፤ ስሙን ብቻ ጽፎ ማለፍ ሳይሆን መፈረም አለበት። ቅጹን ይዞ የዞረው ሰውም ራሱ መስፈርት አለው። ፓልመር ጊዜው አጥሯቸው በችኮላ 1,580 ፊርማ አሰባስበው አስገቡ። ቁጥሩ ከሚፈለገው እጥፍ በላይ ስለነበረ የሚያሳስብ አይመስልም ነበር።

የኦባማ ሰዎች የቺካጎ ምርጫ ቦርድ ቢሮ ሄደው እያንዳንዱን ፊርማ ከመራጮች መዝገብ ጋር ማመሳከር ጀመሩ። ይሄኛው አድራሻው ከዲስትሪክቱ ውጭ ነው፤ ይሰረዝ። ይህችኛዋ አልተመዘገበችም፤ ትሰረዝ። ይሄኛው አልፈረመም፣ ስሙን ብቻ ነው የጻፈው፤ ይሰረዝ። ገጽ በገጽ፣ መስመር በመስመር። ከፓልመር ፊርማዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ወደቀ። እሳቸውም ከውድድሩ ወጡ። ኦባማ እዚያ ላይ አላቆመም። የሌሎቹን ሦስት ተፎካካሪዎች ቅጽም በዚያው ወንፊት አሳለፈው። አንደኛው የጎደለው 69 ፊርማ ብቻ ነበር፤ እሱም ወደቀ። ሲያልቅ በዴሞክራቶቹ ቅድመ ምርጫ ወረቀት ላይ የቀረው አንድ ስም ነው።

በቺካጎ ደቡብ ክፍል የዴሞክራት ቅድመ ምርጫን ያለፈ ሰው ወንበሩን ኪሱ ከተተው ማለት ነው። ኅዳር ላይ አንድ የሃሮልድ ዋሽንግተን ፓርቲ እጩና አንዲት ሪፐብሊካን ቆመው ነበር። እሱ 7,461፣ እሷ 3,091 ድምፅ አገኙ። እንግዲህ 82 ከመቶው የመጣው እንዲህ ነው።

ይህን ሳወራ ሁልጊዜ ሁለት ዓይነት አስተያየት ይመጣል። አንዱ፣ "ሕጉን ተከተለ፣ ምን አጠፋ?" የሚል ነው። ሌላው፣ "የመራጩን ምርጫ ነጠቀው" ይላል። እኔ ሁለቱም ትክክል ነው እላለሁ። ሕጉን አንድም ነጥብ አልጣሰም። የመራጮችን መብት ሲያስተምር የኖረ ሰው ግን የመጀመሪያውን ወንበር ያገኘው መራጩ አማራጭ ባልነበረበት ውድድር ነው። ይህን ያመቻቸው ደግሞ የቺካጎ ፖለቲካ ራሱ ነው። ፊርማ መቃወም እዚያ የጠበቆች ዋና ሥራ ነው፤ ቅጽ የማያውቅ እጩ ተቀናቃኙን ሳያይ ይወድቃል።

ስፕሪንግፊልድ ሲገባ ያገኘው አቀባበል ጥሩ አልነበረም። ሴኔቱ በሪፐብሊካኖች እጅ ነው። ፕሬዚዳንቱ ፔት ፊሊፕ የሚባሉ የቺካጎ ዙሪያ መንደሮች ሰው ናቸው። የዴሞክራቶቹ ረቂቅ ሕግ የደንብ ኮሚቴው ጋ ሲደርስ ይቀበራል። በዚያ ላይ ገና ከሃርቫርድ የመጣ፣ ቃላት የሚመርጥ፣ አጭር ነገር ረዥም አድርጎ የሚናገር ሰው ነው። የራሱ ፓርቲ ጥቁር ሴናተሮች ሳይቀሩ አላገጡበት። የምዕራብ ቺካጎው ሪኪ ሄንደን የመጀመሪያ ረቂቅ ሕጉን ሲያቀርብ ስሙን እንዴት እንደሚጠራ እየጠየቀ አዋዝቶበታል። አዲስ ገቢን እንዲህ ማሸት እዚያ ልማድ ነው፤ ግን በሁለቱ መሀል የነበረው ነገር ቀልድ ብቻም አልነበረም።

ኦባማ ምን አደረገ? ካርታ መጫወት ጀመረ። ቴሪ ሊንክ የሚባለው ሴናተር ቤት ማታ ማታ ፖከር ነበር። እዚያ ከከተማ ውጭ የመጡ ነጭ ዴሞክራቶች፣ ሎቢስቶችም (ሕግ አውጪዎችን ለማግባባት የተቀጠሩ ሰዎች)፣ አንዳንዴም ሪፐብሊካኖች ይቀመጣሉ። ቢራ፣ ሲጋራ፣ ትንሽ ገንዘብ። ሲጫወት ጥንቁቅ ነበር ይላሉ አብረውት የተጫወቱት፤ ካርታው ካላማረው ቶሎ ይጥላል። የገጠር ዲስትሪክት ወኪሎችን በቅርብ ያወቀው እዚያ ነው።

በ1998 ከሪፐብሊካኑ ከርክ ዲላርድ ጋር ሆኖ የስጦታ ክልከላ ሕግን አሳለፈ። ያ ሕግ ፖለቲከኞች የምርጫ ዘመቻ ገንዘብን ለግል ጉዳያቸው እንዳያውሉ ከለከለ፤ ሎቢስቶች የሚሰጡትን ስጦታም ገደበ። ከእሱ በፊት አንድ ፖለቲከኛ በዘመቻ ገንዘብ መኪና ቢገዛ ሕጋዊ ነበር! ሥራውን ለኦባማ የሰጡት የሴኔቱ ዴሞክራቶች መሪ ኤሚል ጆንስ ናቸው። ማንም ሊነካው የማይፈልገው ጉዳይ ነበር፤ የባልደረቦችህን ኪስ የሚዘጋ ሕግ ይዘህ ብትዞር የሚወድህ የለም። ለአዲስ ገቢ የተሰጠው ለዚህ ይመስለኛል።

ስለ ድምፅ አሰጣጡ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። በኢሊኖይ ሴኔት እያንዳንዱ ዴስክ ላይ ሦስት ቁልፍ አለ። አረንጓዴው እደግፋለሁ፣ ቀዩ እቃወማለሁ፣ ቢጫው "አለሁ" ብቻ ነው። ሕግ ለማለፍ 30 አረንጓዴ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ቢጫ መጫን በውጤቱ ከቀይ አይለይም፤ በመዝገብ ላይ ግን "ተቃወመ" አይባልም። ኦባማ በሰጣቸው ወደ 4,000 ድምፆች ውስጥ 130 ጊዜ ያህል ቢጫውን ተጭኗል። በ2008 ተፎካካሪዎቹ ይህን እያነሱ "አቋም የሌለው" ብለው ደበደቡት። መከላከያው ደግሞ፣ አንዳንዱ ቢጫ ከሌሎች ዴሞክራቶች ጋር አስቀድሞ የተመከረበት ስልት ነበር የሚል ነው። ለምሳሌ በውርጃ ጉዳይ ላይ የሴቶች መብት ወገኖች ራሳቸው ቢጫ እንዲጫኑ ይጠይቁ ነበር። ይህ እውነት ነው። ሌላው ቢጫ ግን የጥንቃቄ ሽታ አለው፤ ያ ካርታውን ቶሎ የሚጥለው ሰው ትዝ ይለኛል።

አሁን ወደ 30 ከመቶው እንምጣ።

ቦቢ ረሽ የ1ኛው ዲስትሪክት የኮንግረስ አባል ነበሩ። በወጣትነታቸው ለጥቁሮች መብት ይታገል የነበረው የብላክ ፓንተር ፓርቲ የኢሊኖይ መሪዎች ከሚባሉት አንዱ። በ1999 መጀመሪያ ላይ ለቺካጎ ከንቲባነት ከሪቻርድ ዴሊ ጋር ተወዳድረው ክፉኛ ተሸንፈው ነበር። ኦባማ ያንን አይቶ "ሰውዬው ደክመዋል" ብሎ አሰበ። ስሌቱ ስህተት ነበር። በከተማው ደረጃ የተሸነፈ ሰው በሰፈሩ ይወደዳል። ረሽን የሰፈሩ ሰው ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቃቸዋል። ኦባማን ደግሞ የሚያውቀው ሃይድ ፓርክ፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ያለው ሰው ነበር። "የነጮች ዩኒቨርሲቲ ያሳደገው" እየተባለ ተወራበት።

ከዚያ ጥቅምት 1999 ላይ የረሽ ልጅ ሂዊ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ገና 29 ዓመቱ ነበር። ልጁን በጥይት ያጣ አባት ላይ ዘመቻ ማካሄድ እንዴት ይቻላል? ዘመቻው ለጊዜው ቆመ።

በዚያው ታኅሣሥ ገዢው ጆርጅ ራያን በጦር መሣሪያ ሕግ ላይ ልዩ ስብሰባ ጠሩ። ኦባማ ለገና ሃዋይ ነበር፣ አያቱ ጋ። ድምፅ በሚሰጥበት ቀን የ18 ወር ልጁ ማሊያ ታመመችበት፤ አልተመለሰም። ሕጉ በአምስት ድምፅ ወደቀ። የጋዜጦቹ ርዕስ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት ቀላል ነው። የጥይት ጉዳይ ላይ የአንድ ሟች አባት እየተወዳደረ፣ ተቀናቃኙ ሃዋይ ባሕር ዳር ተቀምጧል። ሕፃን ልጅ ታማ መሆኑን የሚያስረዳ ርዕስ አይጻፍም። እኔ በበኩሌ ለልጄ ብዬ ብቀር ማንም አይፈርድብኝም እል ነበር፤ ፖለቲካ ግን ይፈርዳል።

መጋቢት 21 ቀን 2000 የቅድመ ምርጫው ውጤት ወጣ። ረሽ 59,599፣ ኦባማ 29,649። ዶኒ ትሮተር የሚባል ሌላ የስቴት ሴናተርም 6,915 ወስዷል። ከእጥፍ በላይ ልዩነት ነው። ኦባማ ራሱ እንደተናገረው፣ በዚያው በጋ ለፓርቲው ጉባኤ ሎስ አንጀለስ ሄዶ መኪና ሊከራይ ሲል ክሬዲት ካርዱ አልሠራም። የጉባኤው አዳራሽ መግቢያም አልነበረውም። ቶሎ ተመለሰ። ከአራት ዓመት በኋላ በዚያው ፓርቲ ጉባኤ ዋናውን ንግግር የሚያደርገው ይኸው ሰው ነው።

በመሀል የሆነው ምንድን ነው? ብዙ ሰው "ጠነከረ፣ ተማረ" ይላል። ተምሯል፤ እሱን አልክድም። ግን የሚያስገርመው ክፍል ሌላ ነው።

በየአሥር ዓመቱ ሕዝብ ሲቆጠር የምርጫ ክልሎች ካርታ እንደገና ይሳላል። በኢሊኖይ ሁለቱ ፓርቲዎች ካልተስማሙ ጉዳዩ በዕጣ ያልቃል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ሕገ መንግሥታቸው ላይ ያለ ነው። በ2001 የስቴቱ ጸሐፊ ጄሲ ዋይት የሊንከንን ረዥም ባርኔጣ በሚመስል ባርኔጣ ውስጥ እጃቸውን ከተው አንድ ስም አወጡ። የወጣው የዴሞክራቶቹ ነበር። ካርታውን የመሳል ሥልጣን ለዴሞክራቶች ሆነ። አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ዕጣው ለሪፐብሊካኖች ወጥቶ ነበር፤ ሴኔቱን የያዙትም በዚያ ነበር።

ኦባማ የራሱ ዲስትሪክት ሲሳል ከፓርቲው የካርታ ባለሙያ ጋር ኮምፒውተር ፊት ተቀምጧል። ወንበሩ ከደቡብ ወደ ሰሜን፣ የሚቺጋን ሐይቅን ዳርቻ ይዞ ወጣ። ሃይድ ፓርክ እንደነበረ ሆኖ፣ ከዳውንታውኑ ወዲያ ያሉት ሀብታም ሰፈሮች ተጨመሩበት። ጥቁር መራጩ አሁንም ብዙ ነው። ከእሱ ጋር ግን የዘመቻ ቼክ የሚጽፉት፣ የጋዜጣ አዘጋጆች የሚኖሩበት ሰፈር መጣ። በ2000 ያሸነፈው ሰፈርተኝነት ነበር፤ በ2002 ሰፈሩ ራሱ ተቀየረ። ተፎካካሪም አልመጣም።

ከዚያ ኅዳር 2002 ዴሞክራቶቹ ሴኔቱን ያዙ። ጥር 2003 ኤሚል ጆንስ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ኦባማ የጤናና ሰብዓዊ አገልግሎት ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነ። ስድስት ዓመት ሙሉ ደንብ ኮሚቴ ውስጥ ሲቀበር የኖረው ሁሉ አሁን በር ተከፈተለት። ኦባማ ለጆንስ "አንድ የአሜሪካ ሴናተር የመሥራት ሥልጣን አለዎት" እንዳላቸው፣ "ማንን?" ሲሉት "እኔን" እንዳለ ጆንስ ራሳቸው ብዙ ጊዜ ተርከውታል። ጆንስ ትልልቆቹን ረቂቅ ሕጎች ለኦባማ ሰጡት። ለዓመታት ሲደክሙበት የኖሩ ሌሎች ሴናተሮች ተቀየሙ። እውነታቸውን ነው።

ለፍትሕ ስል ግን በእጁ የገባውን አላበላሸም። ከሁሉም የማደንቀው የግድያ ወንጀል ምርመራ በቪዲዮ እንዲቀረጽ ያስገደደውን ሕግ ነው። ኢሊኖይ ሞት ፍርድ ላይ አሳፋሪ ታሪክ ነበራት። ከ1977 ወዲህ 12 ሰው በሞት ሲቀጣ 13 ሰው ደግሞ ሞት ከተፈረደበት በኋላ ነፃ ወጥቷል። ገዢው ራያን በ2000 ቅጣቱን አገዱ። አንዳንዶቹ የተፈረደባቸው ፖሊስ ጣቢያ "አምኛለሁ" ብለዋል ተብሎ ነው። ፖሊስና አቃቤ ሕግ ቀረጻውን አልወደዱትም። ኦባማ እየዞረ አነጋገራቸው፣ የሚፈሩትን እያነሳ ቃላቱን አስተካከለ። መጨረሻ ላይ ሴኔቱ 58 ለ 0 አጸደቀው። ይህን በሕግ የደነገገች የመጀመሪያዋ ስቴት ኢሊኖይ ሆነች። በዚያው በ2003 ፖሊስ መኪና ሲያስቆም የሹፌሩን ዘር እንዲመዘግብ የሚያዘው ሕግም ወጣ። ኒውዮርክም ሆነ ዲሲ ታክሲ የነዳ ሐበሻ ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ማስረዳት አያስፈልገውም።

2004ን በፍጥነት ልለፈው፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በቅድመ ምርጫው ሰባት ሰው ተወዳደረ። ሀብታሙ ብሌር ሃል ከራሱ ኪስ ከ25 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፍስሶ መሪ ነበር፤ የፍቺ ፋይሉ ሲወጣ ተንኮታኮተ። ኦባማ 655,923 ድምፅ፣ ከ52 ከመቶ በላይ አገኘ። ይሄኛውን ድል እውነተኛ ድል እለዋለሁ፤ የስቴቱ ሰው ሰባት ስም ፊቱ ቀርቦለት መረጠው። ኅዳር ላይ የመጣውን 70 ከመቶ ግን እንዳትሰግዱለት። ሪፐብሊካኑ ጃክ ራያን እሱም በፍቺ ሰነድ ምክንያት በሰኔ ወጣ። በምትኩ አላን ኪስ ከሜሪላንድ መጡ፤ ኢሊኖይን የማያውቁ ሰው። 27 ከመቶ አገኙ።

ሐምሌ 27 ቀን ቦስተን ላይ ያ ታዋቂ ንግግር ሲደረግ ተናጋሪው በሥራ ማዕረጉ ገና የስቴት ሴናተር ነበር።

ኅዳር 2004 ወንበሩን ለቀቀ። ምትኩን የመረጠው ሕዝቡ አልነበረም፤ የዲስትሪክቱ የዴሞክራት ፓርቲ ተወካዮች ተሰብስበው ሰየሙት። የተሰየመው ክዋሚ ራኡል ይባላል፤ ከሄይቲ የመጡ ወላጆች ልጅ፣ ጠበቃ። የሞት ቅጣት በኢሊኖይ ጨርሶ እንዲሰረዝ ያደረገውን ሕግ በ2011 ሴኔቱ ውስጥ ይዞ ያሳለፈው እሱ ነው። በ2018 ደግሞ የኢሊኖይ ዋና አቃቤ ሕግ ሆኖ ተመረጠ፤ በዚህኛው ቅድመ ምርጫ ላይ ከእሱ ጋር የተፎካከሩት ብዙ ነበሩ።